የኦርክኒና የሌዊስ ትክል ድንጋዮች፦ የፎቶግራፍ ጉዞ ዕቅዴን ተመልከቱልኝ

ሰንበሌጥ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የተዳደርኩት ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት በማንሳት ነው። ከእያንዳንዱ ሠርግ እየቆነጠርኩ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ለቤት ዕድሳት ወይም ለአዲስ ካሜራ ያስቀመጥኩት አይደለም፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ባሉት ሩቅ ደሴቶች ላይ የቆሙትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ሄጄ ላነሳበት ነው።

ነገሩ የጀመረው ጢያ ላይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለጉብኝት ወሰደን። ስንደርስ ልሙጥ መስሎኝ ያለፍኩት ድንጋይ፣ ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተቀረጹበትን ሰይፎች አወጣ። ያን ቀን በእጄ ካሜራ አልነበረም። ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ስላቆሙ ሕዝቦች የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም፤ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው የእነዚያ ደሴቶች ታሪክ ነው።

ዕቅዴ ይህን ይመስላል። በሰኔ አጋማሽ፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ወቅት፣ ከአዲስ አበባ ለንደን። ከለንደን በሌሊት ባቡር ኢንቨርነስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ኡላፑል፣ ከኡላፑል በመርከብ ሌዊስ ደሴት። እዚያ ሦስት ሌሊት አድሬ የካላኒሽን ድንጋዮች አነሳለሁ። ከዚያ ተመልሼ ወደ ኦርክኒ፤ የብሮድጋር ክብ፣ የስቴነስ ድንጋዮች፣ ሜስሃው የሚባለው መቃብርና የስካራ ብሬ መንደር፣ ሦስት ሌሊት። በመጨረሻ የሙሳን ግንብ ለማየት ሼትላንድ፣ ሁለት ሌሊት። ከነመመለሻው 12 ቀን።

ወቅቱ ትክክል ነው ወይ? ምን ምን ሌንስ ልያዝ? ድሮንስ ይፈቀዳል? ስለ ቪዛውም ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ አትለፉኝ።

ባለ ትራይፖዱ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4፡45

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ስኮትላንድ ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት ኦርክኒ ሁለት ጊዜ፣ ሌዊስ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ዕቅድሽን ካርታ ላይ ሳስቀምጠው ግን ተጨነቅኩልሽ። በ12 ቀን ሦስት የደሴት ስብስብ ማዳረስ ማለት ብርሃኑ ጥሩ በሚሆንበት ሰዓት ሁሉ አንቺ አውቶቡስ ወይም መርከብ ውስጥ ነሽ ማለት ነው።

ከኡላፑል ወደ ሌዊስ ወደብ ስቶርኖዌይ መርከቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከሰሜን ስኮትላንድ ወደብ ከስክራብስተር ወደ ኦርክኒዋ ስትሮምነስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በመንገድሽ ላይ ኦልድ ማን ኦፍ ሆይ የሚባለውን ከባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመ 137 ሜትር የድንጋይ ዐምድ ታያለሽ፤ ካሜራሽን ከሻንጣ አውጥተሽ ጠብቂው። እነዚህ ሰዓቶች ግን ነፋሱ ሲፈቅድ ነው። እኔ ራሴ ስክራብስተር ላይ አንድ ቀን ተኩል ቆሜ ቀርቻለሁ። ባንቺ ዕቅድ አንድ መርከብ ከቀረ የቀረው ሁሉ ተያይዞ ይወድቃል።

አሁን ስለ ቦታው ልንገርሽ። ስቴነስና ብሮድጋር በሁለት ሐይቆች መካከል ባለች ቀጭን የመሬት ምላስ ላይ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የብሮድጋር ክብ ከዳር እስከ ዳር 104 ሜትር ነው። መጀመሪያ 60 ያህል ድንጋዮች እንደነበሩት ይገመታል፤ ዛሬ 36ቱ ቀርተዋል። ዙሪያውን ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ቦይ አለው። የስቴነሶቹ በቁጥር አራት ብቻ ናቸው፤ ግን ስድስት ሜትር ገደማ የሚደርስ ቁመት አላቸው፤ ውፍረታቸው ደግሞ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከፊት ለፊት ግድግዳ፣ ከጎን ስለት ይመስላሉ። በዙሪያቸው አሥር እርምጃ በሄድሽ ቁጥር ሌላ ድንጋይ ታነሺያለሽ።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁሉንም ላዳርስ ብዬ ስሮጥ የረባ ሥዕል ይዤ አልተመለስኩም። በሁለተኛው ስትሮምነስ አንድ ክፍል ተከራይቼ ስድስት ሌሊት እዚያው አደርኩ። ዛሬ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያሉት አራት ፎቶዎች በሙሉ የዚያ ሳምንት ናቸው። አንድ ደሴት ምረጪ።

ቀያሹ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ ሰንበሌጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። የሥራ ዘመኔ ፀሐይና ጥላ ስለካ አልፏል። የሰኔው ሐሳብሽ ስላላማረኝ ጥቂት ቁጥር ልስጥሽ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። በመጋቢት ወር፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ከአድማስ ተነሥታ 6 ዲግሪ ከፍ ለማለት 24 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። እናንተ የምትወዱት ያ ለስላሳ ብርሃን እንግዲህ ያ ነው፤ 24 ደቂቃ። ኦርክኒ 59 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዝንባሌ ትወጣለች፤ በዚያው ዕለት ለዚያው 6 ዲግሪ 47 ደቂቃ ያህል ትፈጃለች። እጥፍ ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ቀን ላይ ያለውንም ተመልከቺ። በመጋቢት 11 አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ 81 ዲግሪ ትወጣለች፤ የአምስት ሜትር ድንጋይ ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያው ቀን ኦርክኒ ላይ 31 ዲግሪ ብቻ ናት፤ የዚያው ድንጋይ ጥላ ከስምንት ሜትር ያልፋል። ያ ማለት ቀኑን ሙሉ ከጎን የሚመጣ ብርሃን አለሽ ማለት ነው። በታኅሣሥ 12 ደግሞ ከ8 ዲግሪ አታልፍም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ቀኑ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

በሰኔ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ትወጣና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። እርግጥ የሰኔ ማለዳም ቀስ ያለ ነው፤ ግን መቼ ትተኛለሽ? ቀኑ በረዘመ ቁጥር ጥሩው ብርሃን ሰው ወደሚተኛበት ሰዓት ይሸሻል።

ሰንበሌጥ
ኅዳር 9፣ ከረፋዱ 4፡05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍዎን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቀኑ ረዘመ ማለት ብርሃን በዛ ማለት መስሎኝ ነበር። መጋቢት ለእኔ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ሥራ ጥዬ አልሄድም። ወንድሜ ባለ ትራይፖዱ፣ አንድ ደሴት ምረጪ ያልከኝ ግን ከብዶኛል። ካላኒሽን መተው አልቻልኩም።

የቡታጅራ መንገድ
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8፡30

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ በሐሳቡ አልስማማም። ይህን ሁሉ ገንዘብ ይዘሽ የሰው ሀገር ድንጋይ ለማንሳት ባሕር ትሻገሪያለሽ። ከፒያሳ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትነጂ ጢያ አለልሽ። በዩኔስኮ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ የኦርክኒዎቹ የገቡት በ1999፣ ከእኛ 19 ዓመት ዘግይተው። በጢያ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። የእያንዳንዱን ሰይፍ፣ የእያንዳንዱን ምልክት በትክክለኛ ብርሃን ያነሳ አንድ ሙሉ የፎቶ ስብስብ እስቲ አሳዩኝ። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። ተወልጄ ያደግኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ቱሪስት መጥቶ በቀትር አንድ ሁለት አንስቶ ሲሄድ እያየሁ አደግኩ። ያንቺን ችሎታ ያለው ሰው ሲሄድ ማየት ያመኛል።

የአራት ኪሎዋ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡15

የቡታጅራ መንገድ ያነሣው ቁም ነገር ነው፤ መልስ ይገባዋል። የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሁለቱን ማወዳደር ከሁለቱ አንዱን መጣል መሆን የለበትም።

ብሮድጋር የቀሩት 36፣ ጢያም 36። ቁጥሩ ገጠመኝ ነው። ዘመናቸው ግን ፍጹም የተራራቀ ነው። የስቴነስ ድንጋዮች የቆሙት ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ነው። ጢያ የሚመደበው ከ10ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። የጢያዎቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ሥራቸው ሲቆፈር ዐፅም ተገኝቷል። ስቴነስና ብሮድጋር የመሰብሰቢያና የሥርዓት ቦታ እንደነበሩ ይታመናል፤ ሙታኑ ያሉት ጥቂት ራቅ ብሎ በእነሜስሃው ነው። እኛ ዘንድ ቅርጹ በድንጋዩ ገላ ላይ ነው፤ እነርሱ ዘንድ ድንጋዩ ራሱ፣ በመልክዓ ምድሩ ውስጥ የቆመበት ሥፍራ ነው ቅርጹ። ስለዚህ አንዱን ቅርብ ሆኖ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሌላውን ራቅ ብሎ፣ ከሐይቁና ከሰማዩ ጋር። ሁለቱንም የሠራ ዓይን ለሁለቱም ይጠቅማል።

ጌዴኦንም አትርሱ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ የጨልባ ቱቲቲ ትክል ድንጋዮች በውስጡ ናቸው። በብዛት ጢያን እጅግ ይበልጣል።

ሰንበሌጥ፣ ለሜስሃው አስቀድመሽ ቦታ መያዝ አለብሽ፤ የሚገባው በአስጎብኚ፣ በቡድን ነው። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የምትጠልቀው ፀሐይ በመግቢያው ረጅም መተላለፊያ ገብታ የኋላውን ግድግዳ ታበራለች። መቃብሩን ከሠሩት ሰዎች ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የስካንዲኔቪያ ተጓዦች ሰብረው ገብተው ከሠላሳ በላይ ጽሑፍ በራሳቸው ፊደል ቀርጸውበታል። ስካራ ብሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1850 የተነሣ ማዕበል ነው አሸዋውን ገፎ ያወጣው፤ የድንጋይ አልጋውና የድንጋይ መደርደሪያው ዛሬም በቦታው አለ።

ሰንበሌጥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድሜ የቡታጅራ መንገድ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተቆጣሁም። ልክ የሆነው ክፍል ነው ያሳመመኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ጢያ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለሙሽሮች ፎቶ ነው። እሑድ በጠዋት እሄዳለሁ። ሄጄ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።

ወረቀት አዋቂ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡00

ስለ ቪዛው እኔ ልናገር፤ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ አንዴ ተከልክዬ አንዴ ተፈቅዶልኛል።

የተከለከልኩበት ምክንያት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መሥሪያ ቤቴ የጻፈልኝ ደብዳቤ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነበር። ለሚያየው የውጭ ሰው የሰባት ዓመት አሮጌ ወረቀት ሆነ። የመከልከያው ደብዳቤ ላይ ይኸው ተጽፎ መጣ። የጎብኚ ቪዛ ክልከላ ይግባኝ የለውም፤ እንደገና ከፍለሽ እንደ አዲስ ማመልከት ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ በአማርኛ ያለው ሁሉ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም።

የራስሽ ሥራ ስላለሽ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክፍያ ማስረጃ፣ የሱቁን የኪራይ ውል አያይዢ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከፋሲካ በኋላ ላሉ ሠርጎች የተፈራረምሽው ውልና የተቀበልሽው ቀብድ ነው። ትመለሻለሽ ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ገንዘቡ ባንክ የገባው በአንድ ጊዜ ከሆነ አብራሪ። ዕቁብ ወጥቶልሽ ያስገባሽው ከሆነ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደጣልሽ፣ መቼ እንደደረሰሽ በደብዳቤ ግለጪ፤ ሰብሳቢው ይፈርሙበት። ድንገት የመጣ ትልቅ ገንዘብ ያለ ማብራሪያ ጥርጣሬ ያመጣል።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ቀን በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው። አሻራ ከሰጠሽ በኋላ መልሱ በተለመደው አሠራር ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ቪዛው ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት እንዳትገዢ። ለውጭ ምንዛሪም ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይጠይቅሻል፤ ቀኑን አስበሽ ተነሺ።

ሰንበሌጥ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9፡25

ግማሹ ገንዘብ በእርግጥ የዕቁብ ነው! ባትነግረኝ ኖሮ እንደዋዛ አልፈው ነበር። ሰብሳቢያችንን ነገውኑ አነጋግራቸዋለሁ።

እንጦጦ ጭጋግ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡10

ድሮኑን እርሺው። እኛ ሀገር ያለ ፈቃድ ማስገባት ስለማይቻል ስትመለሺ ቦሌ ላይ ትቸገሪያለሽ። እነርሱም ዘንድ ለማብረር ምዝገባ አለ፤ በመንግሥት በሚጠበቁ ቅርሶች ላይ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ካሜራሽንና ሌንሶችሽን ግን ስትወጪ በመለያ ቁጥራቸው ጉምሩክ ላይ አስመዝግቢ፤ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ስመለስ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሰንበሌጥ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡40

ከጢያ ተመለስኩ። ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፍ መተኛት አልፈለግኩም።

የቦታውን ጠባቂ አስቀድሜ በስልክ አነጋግሬ ስለነበር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ከፒያሳ ተነሣሁ። መልካ ቁንጡሬን ሳልፍ ገና ጨለማ ነበር። ስደርስ ሣሩ በጤዛ ርሷል፤ ከሩቅ ከሚሰማው የቅዳሴ ድምፅ በስተቀር ጸጥታ ነው። ትራይፖዴን ተክዬ ጠበቅኩ።

12 ሰዓት ከሃያ ገደማ ፀሐይ ወጣች። ጋሼ ቀያሹ የጻፉትን በዓይኔ አየሁት። መጀመሪያ የሰይፎቹ ጠርዝ ጠቆረ። ከዚያ ሙሉ ሰይፉ ተነሣ፤ ጫፉ፣ እጀታው፣ ከሥሩ ያለው ቅጠል የሚመስለው ምልክት። አንዱን ድንጋይ አንስቼ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ወደ ሰባተኛው ስደርስ ቅርጹ መሳሳት ጀምሮ ነበር። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ድንጋዩ መልሶ ልሙጥ ሆነ። ሰባት ድንጋይ፤ በአንድ ማለዳ ያገኘሁት ይህ ነው።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ለሠርግ የምጠቀምበትን ትልቁን ነጭ ጥላ ይዤ ነበር። ረዳቴ ጥላውን በድንጋዩ ላይ ዘርግቶ የፀሐዩን ብርሃን ከለከለልኝ፤ እኔ ደግሞ ፍላሼን ከካሜራው ነጥዬ፣ በድንጋዩ ጎን፣ ከፊቱ ጋር ልትነካካ ጥቂት እስኪቀራት አስጠግቼ አበራሁ። ቀትር ላይ ሰይፎቹ እንደገና ወጡ! ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሌላ አሥራ አንድ ድንጋይ አነሣን። ጠባቂው አባት እያንዳንዱን በካሜራው ስክሪን ሲያዩ ቆዩና «ይህን ምልክት በዚህ ሁሉ ዘመን አላየሁትም» አሉኝ። ዘመናቸውን ሁሉ በዚያ ግቢ የኖሩ ሰው ናቸው።

ወንድሜ የቡታጅራ መንገድ፣ 18 ድንጋይ ቀርቶኛል። ተመልሼ እጨርሳቸዋለሁ፤ 36ቱም ሲሟሉ ፎቶዎቹን ለቦታው እሰጣለሁ። ወደ ኦርክኒ መሄዴን ግን አልተውኩም። እንዲያውም አሁን ነው ለምን እንደምሄድ የገባኝ። እኛ ዘንድ በፍላሽና በጥላ የምሠራውን ብርሃን፣ እዚያ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራው ማየት እፈልጋለሁ።

የቡታጅራ መንገድ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡30

አነበብኩት። ስለ ጠባቂው አባት የጻፍሽውን ለእናቴም አነበብኩላት። ለቀሩት 18 ድንጋዮች ስትሄጂ እኛ ቤት እደሪ፤ ሌሊት መንዳት የለብሽም። ጥላውንም እኔ እይዝልሻለሁ።

ቀያሹ
ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሰባቱን ድንጋዮች ስታነሺ ምስራቅ የሚያዩትን አስቀድመሽ ሳይሆን አይቀርም። በሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዱ ድንጋይ ፊቱ ወዴት እንደሚያይ በኮምፓስ ለኪና መዝግቢ። በዚህ ወቅት ወደ ደቡብ የሚያየው ፊት ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ብርሃኑን ከጎኑ ያገኛል። ቅደም ተከተሉን በዚያ አውጪ። ለኦርክኒም ይኸው ይሠራል።

ባለ ትራይፖዱ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ዕቃው። ኦርክኒ ዛፍ የሌላት ያህል ናት፤ ነፋሱን የሚያግድ ነገር የለም። ትራይፖድሽ ከባዱ ይሁን፤ ቦርሳሽን መካከሉ ላይ አንጠልጥይ፤ የመካከሉን ዘንግ ወደ ላይ አታውጪው። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት ይመጣል። ባሕሩ ዳር ጨው ያዘለ ርጭት ሌንሱ ላይ ይደርቃል፤ ለስላሳ ጨርቅ ብዙ ያዢ፤ ሌንስ መቀየር ያለብሽ ቤት ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በደረት ኪስሽ አሙቂው።

ሌንስ፦ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃሻል፤ ግን ከ70 እስከ 200 ያለውን፣ ሩቁን አቅራቢውን፣ አትተዪው። ከሩቅ ሆነሽ በዚያ ብታነሺ የሆይ ደሴት ተራሮች ከድንጋዮቹ ጀርባ ቀርበው ይቆማሉ። ሰው ሁሉ በሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ያነሳል፤ ድንጋዩ ይገዝፋል፤ ቦታው ግን ይጠፋል።

መኪና ብትከራዪ የሚነዳው በግራ ነው፤ ጠባብ መንገድ ላይ ለማሳለፊያ የተሠራ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ቆሞ ማሳለፍ ግዴታ ነው እንጂ መኪና ማቆሚያ አይደለም። መሬቱ ሲረጥብ በብሮድጋር የውስጡ የእግር መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ከተዘጋ አትግቢ። ድንጋዮቹ ብዙ አልፎባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1814 መሬቱን የተከራየ ገበሬ ከስቴነስ አንዱን አፍርሶ ሌላውን ጥሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ከብሮድጋር አንዱን መብረቅ ሰነጠቀው።

የማኅሌት ልጅ
ኅዳር 16፣ ከረፋዱ 5፡20

በዐቢይ ጾም ስለምትሄጂ ስለ ምግቡ ላስታውስሽ። ሽሮና ቆሎ ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ ለንደን ስሄድ ሁልጊዜ እይዛለሁ። ሥጋና ቅቤ ግን ማስገባት ክልክል ነው፤ እናትሽ በፍቅር ቢያስሩልሽም እንኳ ተዪው። ማብሰያ ያለው ክፍል ተከራዪ።

ሌዊስ ከሄድሽ ደግሞ እሑድን አስቢበት። የደሴቲቱ ሰዎች ሰንበትን በጽኑ ያከብራሉ። ከስቶርኖዌይ የእሑድ መርከብ እንኳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኔ ይህን ሳነብ ያደግኩበት ሰፈር ነው የታወሰኝ።

የአራት ኪሎዋ
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2፡00

ካላኒሽን መተው ለከበዳት ለሰንበሌጥ አንድ ነገር ልጨምር። የካላኒሽ ድንጋይ ሦስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ በዓለም ካሉት እጅግ አሮጌ አለቶች የሚመደብ ነው። መስመር መስመር ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የገባበት አለት ነው። ለዚህ ድንጋይ ቅርብ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ከብሮድጋር ሥራ የተለየ ነው። መካከሉ ላይ የቆመው 4.8 ሜትር ነው። እስከ 1857 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የበሰበሰ የሣር አፈር ውጦት ኖሯል። ከድንጋዮቹ ዘንድ ሲታይ ጨረቃ በየ18.6 ዓመቱ በአድማስ ላይ ዝቅ ብላ የምታልፍበት ጊዜ አለ፤ ያ እ.ኤ.አ. በ2024ና በ2025 አልፏል። አሁን የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም። ድንጋዮቹ ይቆዩሻል፤ ለብቻው ሌላ ጉዞ ይገባዋል።

ሰንበሌጥ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡00

ወስኛለሁ። ሌዊስንና ሼትላንድን ከዚህ ጉዞ አወጣኋቸው። ካላኒሽን ከዝርዝሬ ስሰርዝ አልቅሻለሁ፤ እውነቱን ነው የምጽፈው።

መጋቢት 6 ከአዲስ አበባ እነሣለሁ፤ መጋቢት 18 እመለሳለሁ። ስትሮምነስ ማብሰያ ያለው ክፍል ዘጠኝ ሌሊት፤ ከብሮድጋር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 ፀሐይ ስትወጣ ስቴነስ፣ ስትጠልቅ ብሮድጋር እገኛለሁ። ሁለት ቀን ለነፋስና ለዝናብ ባዶ ትቼአለሁ። ስካራ ብሬ አንድ ቀን፣ ሜስሃው አንድ ቀን። የቀሩት ቀናት ሁሉ በእነዚያ ሁለት ሐይቆች መካከል ናቸው። ሌሊቱም በመጋቢት ይጨልማል፤ ሰማዩ ከጠራ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚንቀለቀለውን የሰሜኑን ብርሃን የማየት ዕድል አለኝ፤ በሰኔ ግን ይህ አይታሰብም ነበር።

ከታኅሣሥ 6 በፊት ማመልከት ስለማልችል እስከዚያ ወረቀቶቼን አስተረጉማለሁ። የዕቁቡ ደብዳቤ ተፈርሟል፤ ሁለቱም አቆጣጠር አለበት። የቀረኝ ከ70 እስከ 200 ያለው ሌንስ ብቻ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የሚያከራየኝ ካለ ይጻፍልኝ።

እንጦጦ ጭጋግ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡35

እኔ አለኝ፤ ኪራይ አልፈልግም። ግን ከመሄድሽ በፊት እጅሽ ይልመደው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ዘንድ እንገናኝ። ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ ታነሺዋለሽ። ከጥበቃዎቹ ጋር እኔ አነጋግራለሁ።

ቀያሹ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 4፡02

ፀሐይ 12 ሰዓት ከሃያ በኋላ ነው የምትወጣው፤ ፎቆቹን አልፋ አንበሳው ላይ እስክትደርስ ደግሞ ጥቂት ይቆያል። ኮምፓሴን ይዤ እመጣለሁ።